ድምፅ ማጉያውን ለ«አልተ ዛኸን» ከመስጠታችሁ በፊት

በሳሎናችን ዝም ብለው የቆሙት ትልልቅ ሳጥኖች በሽታቸው ምንድን ነው? መድኃኒቱስ?

በሐዴራ ከተማ፣ በጊቫት ኦልጋም ሆነ በቤት ኤሊዔዜር ሰፈር፣ የወገኖቻችንን ቤት የሚጎበኝ ሰው ሳሎን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያየው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ የቆሙ፣ ቁመታቸው ከጉልበት በላይ የሆነ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ናቸው። በላያቸው ዳንቴል ተነጥፎባቸዋል። በዳንቴሉ ላይ ደግሞ የሠርግ ፎቶግራፍ ወይም በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ ትንሽ ሌማት ተቀምጧል። እንግዳ ሰው የዕቃ ማስቀመጫ ሊመስሉት ይችላሉ። ነገር ግን ሳጥኖቹ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። በዕብራይስጥ «ራምኮሊም» የሚባሉት፣ በአገር ቤት ደግሞ ተለቅ ተለቅ ያሉትን በጣሊያኑ ፋብሪካ ስም «ሞንታርቦ» እያልን የምንጠራቸው ማለት ነው።

እነዚህ ዕቃዎች እንዴት እንደተገዙ የሚያስታውስ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በሜይ ወር 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ቤተሰቦች ከለበሱት ልብስ ሌላ ይህ ነው የሚባል ንብረት ይዘው አልመጡም። ከመርካዝ ክሊታና ከካራቫን ወጥተው በማሽካንታ የራሳቸውን ቤት ሲይዙ በመጀመሪያ ፍሪጅ፣ ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያና ቴሌቪዥን ገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ ትልቅ ቴፕ ነበር። ቤቱ ቤት ሆነ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ሶኒ፣ ፓዮኒር፣ ኬንዉድ፣ ቴክኒክስ፣ አይዋ የሚባሉትን ስሞች ዕብራይስጥ ገና ያልገባቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ያውቋቸው ነበር።

ዛሬ ከእነዚህ ሳጥኖች ብዙዎቹ ዝም ብለዋል። ወይም ሲከፈቱ እንደተቀደደ ከበሮ ይንኮሻኮሻሉ። በዚህ ጊዜ የሚሆነው የታወቀ ነው። የልጅ ልጅ ይመጣና «እማማ፣ ይኼ እኮ አበቃለት። ቦታ ከሚይዝ ይጣል» ይላል። አያቲቱም «ተው ልጄ፣ አያትህ በደመወዛቸው የገዙት ነው» ይላሉ። በሌላ ቀን ግን «አልተ ዛኸን! አልተ ዛኸን!» እያለ የሚዞረው መኪና በመስኮቱ ሥር ያልፋል። በይዲሽ ቋንቋ «አሮጌ ዕቃዎች» ማለት ነው። ልጁ ወርዶ ይጠራዋል። ሰውየውም ሁለቱን ሳጥኖች በጥቂት ሸቀል፣ አንዳንዴም በነፃ ጭኖ ይሄዳል። የሚያስቀው ነገር፣ ሰውየው አሮጌ ድምፅ ማጉያችንን የሚሰበስበው በመኪናው ጣሪያ ላይ በታሰረ አሮጌ ድምፅ ማጉያ እየጮኸ ነው። የእሱ ይሠራል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሳሳን ከእነዚያ ሳጥኖች ብዙዎቹ ሳይሞቱ በመቀበራቸው ነው። እንጨቱ ደህና ነው፤ ማግኔቱ ደህና ነው፤ ሽቦውም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የበሰበሰው የአንድ ጣት ስፋት እንኳ የማይሞላ የስፖንጅ ቀለበት ነው።

ጉዳዩ የዕቃ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑንም መናገር ያስፈልጋል። በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ካሴቶች አሉ። ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ በጎንደርና በአዲስ አበባ ሆኖ በሚጠባበቅበት ዘመን፣ መጻፍ የማይችል ሰው ሰላምታውንና ናፍቆቱን በካሴት ቀድቶ መላኩ የተለመደ ነበር። የሠርግ ዘፈን የተቀዳበት ካሴት አለ። የሟች ሙሾ የተቀዳበት አለ። የቄሶች ጸሎት ከነጋሪቱና ከቃጭሉ ጋር የተቀዳበትም አለ። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ክፍል የማኅበረሰባችንን ጸሎት ከያዙት ቅጂዎች በርካታዎቹን ያስቀምጣል። የአንድ ቤት አባት ለልጁ የላከውን ሰላምታ ግን ከመሳቢያው በቀር የሚያስቀምጠው የለም።

እንዲህ ያለው ካሴት በታመመ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት፣ ሰው የሚፈርደው በካሴቱ ላይ ነው። «አርጅቶ ተበላሽቷል» ይባላል፤ ካሴቱም ሳጥኖቹን ተከትሎ ይሄዳል። ሌላው ወጣት ደግሞ ካሴቱን ወደ ስልኩ ገልብጦ በስልኩ ያሰማል። ነገር ግን የስልክ ድምፅ ማጉያ ከጥፍር አይበልጥም፤ የሚገፋው አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ የጸሎቱን ካሴት በስልክ ያዳመጠ ሰው ቃጭሉን ይሰማል፤ ነጋሪቱን ግን እምብዛም አይሰማም። ቀጭኑ ድምፅ ቀርቶ ወፍራሙ ጠፍቷል። የሠርጉም ከበሮ እንደዚሁ።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ማወቅ ይጠቅማል። ዛሬ በየቤቱ ያለው ዓይነት ድምፅ ማጉያ የተወለደው ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጡት ሥራ ነው። መሠረቱ እስካሁን አልተለወጠም። ከኋላ ከባድ ማግኔት አለ። በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ እንደ ክር ማጠንጠኛ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይንጠለጠላል። ሽቦው ከሾጣጣ ወረቀት ጋር ተያይዟል። ከቴፑ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ማግኔቱ ሽቦውን ወደፊትና ወደኋላ ይነዳዋል፤ ወረቀቱም አብሮ እየሄደ አየሩን ይገፋል። የተገፋው አየር ነው ድምፅ ሆኖ ጆሯችን የሚደርሰው። ለወፍራም ድምፅ ሰፊ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህን ዉፈር ይሉታል። ለቀጭን ድምፅ ደግሞ ትንሽና ፈጣን የሆነ ሌላ አለ፤ እሱን ትዊተር ይሉታል። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ይሰማል ሲባል፣ ሁለቱ ይህን ሥራ ተካፍለው ይሠሩታል ማለት ነው።

እንግዲህ ሰፊው ወረቀት ያለ ችግር ወደፊትና ወደኋላ እንዲሄድ ጠርዙ ከብረቱ ጋር የሚገናኘው በሚለጠጥ ቀለበት ነው። በ1950ዎቹ ብዙ ጊዜ ቀለበቱ የተቀባ ጨርቅ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን በርካታ ፋብሪካዎች ፖሊዩሬቴን ወደሚባል ስፖንጅ ዞሩ። ስፖንጁ ቀላል ነው፤ ለስላሳ ነው፤ አዲስ ሲሆን ድምፁም ያምራል። ችግሩ እርጥበትን አለመቻሉ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ውኃ የስፖንጁን ውስጣዊ ማያያዣ ቀስ በቀስ ይፈታዋል። ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል ወይም ይሙለጨለጫል፤ ከዚያም በጣት ሲነካ እንደ ድርቆሽ ፍርፍር ይላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እኛ እኮ ብዙ አልተጠቀምንበትም፤ ሸፍነን ነው ያስቀመጥነው» ይላል። ስፖንጁ ግን ቢዘፈንበትም ባይዘፈንበትም ይበሰብሳል። ዳንቴል አያድነውም።

ሐዴራ ደግሞ ለስፖንጅ የምትመች ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1891 ስትቆረቆር አካባቢው ረግረግ ነበር፤ መሥራቾቿንም ወባ ፈጅቷቸዋል። ረግረጉ ከደረቀ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ባሕሩ የትም አልሄደም። በጊቫት ኦልጋ በረንዳውን ከፍቶ የሚያድር ሰው ጠዋት የመስኮቱን ብረት ሲነካ ጨውና እርጥበቱን ያውቀዋል። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ድምፅ ማጉያ ሳሎን ካለው ቀድሞ ያረጃል፤ ፀሐዩም ስፖንጁን ያቃጥለዋልና። ወረቀቱ ግን፣ ካልራሰ በስተቀር፣ ብዙ ዓመት ይቆያል። የወረቀት ፋብሪካ ባለበት ከተማ ለሚኖር አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። በመጀመሪያ ቴፑ ከኤሌክትሪክ ይነቀል። ከዚያም ከሳጥኑ ፊት ያለውን ጨርቅ የያዘውን ክፈፍ ከአራት ማዕዘኑ በቀስታ መሳብ ነው፤ አብዛኞቹ በትናንሽ የፕላስቲክ ካስማዎች ስለሚያዙ ይወጣሉ። የዉፈሩ ጠርዝ ከተሰነጠቀ ወይም ከሳጥኑ ሥር ጥቁር ፍርፋሪ ከተጠራቀመ በሽታው ታወቀ። ጠርዙ ደህና መስሎ ከታየ በአራት ጣት ወረቀቱን ዙሪያውን እኩል ይዞ ትንሽ ወደ ውስጥ መግፋት ይቻላል። ያለ ድምፅ ገብቶ ከተመለሰ ጤነኛ ነው። እንደ አሸዋ የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ ግን የውስጡ ሽቦ ከማግኔቱ ጋር እየተነካካ ነው፤ ይህ ከባዱ በሽታ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ በአንድ ባትሪ ድንጋይ ይደረጋል። ባለ 1.5 ቮልት ተራ ባትሪ ይበቃል። ከሳጥኑ ጀርባ ባሉት ቀይና ጥቁር መያዣዎች ላይ ሁለት ሽቦ አድርጎ ባትሪውን ለቅጽበት ማስነካት ነው። ዉፈሩ «ጧ» ብሎ ከተንቀሳቀሰ ሽቦው አልተበጠሰም። የባትሪው ፖዘቲቭ ከቀዩ ጋር ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። (ጄ ቢ ኤል የተባለው ፋብሪካ የቀድሞ ዕቃዎቹን በተቃራኒው ይሠራቸው ስለነበር እነሱ ወደ ውስጥ ቢገቡ አትደንግጡ።) ኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ በኦም ይለካ። ከጀርባው 8 ኦም የተጻፈበት ድምፅ ማጉያ ሲለካ ወደ 6 ገደማ፣ 4 ኦም የተጻፈበት ደግሞ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተቃጥሏል ወይም ተበጥሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። ድምፅ ማጉያው ሳይታመም ወፍራም ድምፅ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ቤት ሲጸዳ ወይም ቤት ሲቀየር ሽቦዎቹ ይነቀሉና ሲመለሱ የአንደኛው ሳጥን ቀይና ጥቁር ይገለበጣል። በዚህ ጊዜ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስንት ሳጥን በዚህ ምክንያት እንደተጣለ እግዚአብሔር ይወቀው። መድኃኒቱ ሁለት ሽቦ ማገላበጥ ነው።

የበሽታው ምንጭ ስፖንጁ ከሆነ ቀለበቱ ይለወጣል። ቀለበቱ ብቻውን ይሸጣል፤ በአብዛኛው ከውጭ አገር የሚታዘዝ ሲሆን የአንድ ጥንድ ዋጋ በአሥር ቤት በሚቆጠር ዶላር ነው። ሲታዘዝ «8 ኢንች ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። የወረቀቱ የጠርዝ ስፋት፣ የብረቱ የውስጥና የውጭ ስፋት፣ የስፖንጁም ጉብታ ስፋት በሚሊ ሜትር መለካት አለበት። የፋብሪካው ስምና ከማግኔቱ ጀርባ ያለው ቁጥር ካለ ሻጩ በዚያ ያገኘዋል። ሁልጊዜ ለሁለቱም ሳጥን መለወጥ ነው፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ድምፃቸው አይስማማም።

ሥራው እንዲህ ነው። የዉፈሩ ብሎኖች ይፈታሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማግኔቱ ካቻቪቴውን ከእጅ ነጥቆ ወረቀቱን ሊበሳው ይችላል። የሚፈታው እጅ ሌላ፣ ወረቀቱን የሚከልለው እጅ ሌላ ይሁን። ከኋላ ያሉት ሁለት ሽቦዎች የትኛው ከየትኛው እንደነበር ምልክት ይደረግባቸው፤ በስልክ ፎቶግራፍ ማንሳትም ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ አሮጌው ስፖንጅ ከወረቀቱና ከብረቱ ላይ ይፋቃል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። በጥቂት አልኮል በራሰ ጨርቅና በደነዘ ቢላ፣ ወረቀቱን ሳያበሰብሱ፣ ጥቂት በጥቂት ማንሳት ይገባል። ሰዎች የሚቸኩሉት እዚህ ነው፤ አሮጌ ሙጫ ላይ የተለጠፈ አዲስ ቀለበት ግን ብዙ ሳይቆይ ይነሳል። እንጀራ ለሚጋግር ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ምጣዱ ሳይታሰስ እንጀራው አይወጣም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማዕከሉን መጠበቅ ነው። የውስጡ ሽቦ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ከሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ጥቂት ካዘነበለ ሽቦው ማግኔቱን ይፈገፍጋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኛ በወረቀቱ መካከል ያለችውን ክብ ክዳን በምላጭ ከፍቶ፣ በሽቦውና በመካከለኛው ብረት መካከል ከአሮጌ የፎቶግራፍ ፊልም ወይም ከጠንካራ ወረቀት የተቆረጡ ቀጫጭን ቁራጮችን ዙሪያውን እኩል ይሰካል። ሽቦው እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ቀለበቱ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቅና ይደርቃል፤ ቀጥሎ ከብረቱ ጋር። አንድ ቀንና ሌሊት ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያም ቁራጮቹ ወጥተው ክዳኑ ይመለሳል፤ አሮጌው ካልተስማማ አዲስ ይገዛል።

ስለ ሙጫው። ሲደርቅ የሚለጠጥ፣ ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ነጭ ሙጫ ነው የሚያስፈልገው። በቅጽበት የሚይዘው ኃይለኛ ሙጫ ደርቆ እንደ መስታወት ስለሚሆን አይሆንም። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን፣ የቁስል ፕላስተር፣ የኤሌክትሪክ ቴፕ፣ እነዚህ ሁሉ በየቤቱ ተሞክረዋል፤ ክብደታቸው ወረቀቱን ያስረዋል፤ ለሚቀጥለውም ጠጋኝ ሥራውን ዕጥፍ ያደርጉበታል።

ሌላው የሚያረጅ ነገር ትንሽ ነው፤ ጥቂት ሰው ያውቀዋል። በሳጥኑ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ ወደ ዉፈር፣ ቀጭኑን ወደ ትዊተር የሚያከፋፍል ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ ካፓሲተር የሚባሉ እንደ ብዕር ክዳን ያሉ ዕቃዎች አሉ፤ በአገር ቤት ራዲዮ ሠሪዎች ኮንደንሰር ይሏቸዋል። በብዙ ሳጥኖች ውስጥ ያሉት ርካሾቹ ዓይነት ውስጣቸው ፈሳሽ ስላለ ከዘመን ብዛት ይደርቃሉ። ያን ጊዜ ትዊተሩ ሳይሞት ይደክማል፤ ድምፁ በብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ይሆናል። ሲለወጡ በላያቸው የተጻፈው የማይክሮፋራድ ቁጥር ያው መሆን አለበት፤ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ ይሁን። ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሌለው ዓይነት መሆኑንም ጠይቁ። ከተቻለ ፊልም የሚባለው ዓይነት ይሻላል፤ ፈሳሽ ስለሌለው አይደርቅም። በስታኞ መበየድ የሚችል ወጣት ይህን በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል።

የድምፅ ማጉያውን ሳጥን መክፈት አደጋ የለውም፤ በራሱ ኤሌክትሪክ አያከማችም። አምፕሊፋየሩን ወይም ቴፑን መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው። ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ያን ለባለሙያ ተዉት።

«ከጠገንኩት አይቀር ላሻሽለው» የሚል ሰው አለ። እዚህ ላይ አስተያየታችንን እንስጥ። ብዙዎች የመጀመሪያውን ዉፈር አውጥተው ለመኪና የሚሸጠውን ትልቅና ደማቅ ዉፈር ይከቱበታል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ጩኸት ነው። ሳጥኑና ዉፈሩ ተለክተው የተሠሩ ባልና ሚስት ናቸው። ኤድጋር ቪልቹር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቋቋመው ኤ አር የተሰኘ ኩባንያ፣ በተዘጋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር ራሱ እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ዉፈሩን ሊደግፍ እንደሚችል አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ወፍራም ድምፅ ከትንሽ ሳጥን መውጣት የቻለው። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን በሒሳብ አስቀመጡት። ስለዚህ የሳጥኑን ስፋት ሳይለውጡ ዉፈሩን መለወጥ የሌላ ሰው ጫማ እንደማድረግ ነው።

ውድ ሽቦም አያስፈልግም። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ የሚገዛ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ተራ የመዳብ ሽቦ ለአንድ ሳሎን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለሻጩ ነው። የሚጠቅመው ማሻሻያ ሌላ ነው። የላላ ብሎንን ማጥበቅ፣ አየር የሚያስወጣ ስንጥቅን መድፈን፣ የዛገ መያዣን መቀየር፣ በእርጥበት ያበጠ ችፑድ ካለ በእንጨት ሙጫ አጥብቆ ማሰር። የእንጨቱን ገጽ ደግሞ በጥቂት ዘይት መወልወል፤ ገጹ እንጨት የመሰለ ፕላስቲክ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ለከባድ ማግኔት የሚሰጥ ክብርም አለ፤ አንድ ታሪክ እናንሳ። በቀድሞ ዘመን ምርጥ የሚባሉት ማግኔቶች ኮባልት የሚገባባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 በዛኢር በሻባ ክፍለ ሀገር ጦርነት ሲነሳ የኮባልት ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ወደ ሌላ ዓይነት ማግኔት ዞሩ። በአፍሪካ መካከል የተተኮሰ ጥይት በጃፓንና በአሜሪካ ሳሎኖች ውስጥ ተሰማ ማለት ነው።

ከተጠገኑ በኋላ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘቱ ለሽማግሌዎችና ለአሮጊቶች ትልቅ ዕረፍት ነው። ዛሬ የሚሸጡት ቴሌቪዥኖች ቀጫጭን ናቸው፤ ድምፅ ማጉያቸው ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ዞሯል። ሰው ሲያረጅ ደግሞ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። በአማርኛ «መታ» እና «መጣ» የሚለዩት በአንዲት ቅጽበታዊ ሹል ድምፅ ነው። ያቺ ድምፅ ግድግዳ ላይ ከጠፋች፣ «ማን መታው?» ብለው ይደነግጣሉ፤ ሰውየው ግን መምጣቱ ነበር። «ድምፁን ጨምሩልኝ» የሚሉት ሁልጊዜ ስላልሰሙ አይደለም፤ ስላልተለየላቸው ነው። ትዊተሩ በተቀመጡበት ጆሮ ልክ፣ ፊት ለፊት ከሆነ ድምፁን ሳይጨምሩ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨውን የረቃ ራዲዮ ለሚያዳምጡም ነገሩ ያው ነው።

ለማገናኘት አሮጌው ቴፕ ወይም አምፕሊፋየር ከኋላው «ኦክስ» ወይም «ሲዲ» የሚል መግቢያ ካለው ይበቃል። «ፎኖ» የሚለው ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ ስለሆነ እዚያ አትሰኩ። ቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለው በአንድ ገመድ ያልቃል። ከሌለው ኦፕቲካል በሚባለው፣ ድምፅን በብርሃን በሚያወጣው ቀዳዳ በኩል ትንሽ መለወጫ ሳጥን ተገዝቶ ይገባል። መለወጫው ዝም ካለ አትመልሱት፤ በቴሌቪዥኑ የድምፅ ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ «ፒ ሲ ኤም» የሚለውን ምረጡ።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ቆልኖዓ ቤቲ»፣ የቤት ሲኒማ ማለት ነው፣ እየተባለ በአንድ ካርቶን የተሸጠው ዕቃ ያላቸውም ብዙ ናቸው። አምስት ትናንሽ ድምፅ ማጉያና አንድ የወፍራም ድምፅ ሳጥን ያለው ነው። ፊልሙ ሰውን ከየአቅጣጫው እንዲከበው የታሰበ ነበር፤ ዶልቢ የተባለው ኩባንያ ይህን ወደ ቤት ማስገባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ገበያ የወጣው ዲቪዲ አስፋፋው። ከእነዚያ ውስጥ ትናንሾቹ የፕላስቲክ ማጉያዎች ብዙም ድካም የሚገባቸው አይደሉም። ትልቁ የወፍራም ድምፅ ሳጥን ግን ጠርዙ ስፖንጅ ከሆነ ከላይ በተባለው መንገድ ይድናል። የቤቱን አሮጌ ትልልቅ ሳጥኖች ደግሞ ከፊት ግራና ቀኝ ማቆም ይቻላል። ኦሙን ግን ተመልከቱ፤ 8 እንዲሸከም የተሠራ አምፕሊፋየር ላይ 4 መሰካት ያሞቀዋል፤ በተቃራኒው ግን ጉዳት የለውም።

መግዛት የሚፈልግ ወጣት ካለ ደግሞ ዛሬ በ«ያድ ሽኒያ» ገበያ «ራምኮሉ ይንኮሻኮሻል» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውን ዕቃ በባትሪ ድንጋይ መርምሮ መውሰድ ይችላል። በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ራዲዮ ሠሪ ከጠረጴዛና ከብየዳ ብረት ሌላ ብዙ ነገር ሳይኖረው ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር። እዚህም ሁለት ሦስት ጥንድ ለጎረቤት የጠገነ ልጅ አራተኛው በክፍያ ይመጣለታል።

ሽቦው የተቃጠለ፣ ሳጥኑ በውኃ የፈረሰ ከሆነስ? ያ መሄዱ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና በ2014 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የኤሌክትሪክ ዕቃን ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣልን ለማስቀረት የታሰበ ነው። አዲስ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ተመሳሳዩን አሮጌ ዕቃ ከገዢው የመቀበል ግዴታ አለበት፤ ጠይቁ። ከመስጠታችሁ በፊት ትዊተሮቹንና ደህናውን ዉፈር ፈትታችሁ አስቀሩ፤ ለሌላ ጥንድ መለዋወጫ ይሆናሉ።

አዲስ ቀለበት የገባለት ድምፅ ማጉያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ደረቅ ይላል፤ በመጠነኛ ድምፅ ለጥቂት ሰዓታት ሲጫወት ስፖንጁ ይላላል። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ጥግ ውስጥ ከተወሸቀ ወፍራሙ ድምፅ ያጉረመርማል። ሌማቱና ፎቶግራፉም ከላዩ ይነሱ፤ ነጋሪቱ ሲመታ ይንቀጠቀጣሉና። የሐዴራ ሕንፃዎች ግድግዳ ቀጭን መሆኑን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሕጉ ከ14፡00 እስከ 16፡00 እንዲሁም ከሌሊቱ 23፡00 በኋላ በመኖሪያ ሰፈር እንዲህ ያለውን ድምፅ ይከለክላል። ካሴቱን ከ16፡00 በኋላ ክፈቱ፤ የታችኛውን ፎቅ ጎረቤትም ለቡና ጥሩ።